ጉድጓድ ውስጥ የበራው ባትሪ

ጌጡ ሞተ፤ ባትሪው ሳይጠፋ ተገኘ፤ የአስታ ማርያም መንደር ሰው ደግሞ ያልገደለ ሰው አሰረ።

ዕለቱ እሑድ፣ ወሩ ሰኔ ነበር፤ ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ሦስት ዓመት አልፎታል። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ገና ከቅጥሩ ሳይበተን ሞላ ከታችኛው በረት እየሮጠ ወጣና «የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ። አሰለፈች ነጠላዋን ሰብስባ ሮጠች። በረቱ ከብት ካደረበት ቆይቷል። ከገለባው ሥር ግን አራት ቤተሰቦች ገብሳቸውን ከጣሊያን ፈታሾች ለመሸሸግ የቆፈሩት ጉድጓድ አለ፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ጥልቀቱ ሁለት ሰው የሚያቆም። የጌጡ፣ የሞላ፣ የመሪጌታ ተክሌና የራሷ የአሰለፈች ቤት ምሥጢር ነበር። አሁን የክዳኑ ድንጋይ ወደ ጎን ተገፍቷል፤ ከጉድጓዱ አፍ ቢጫ ብርሃን ወጥቶ የበረቱን ጣሪያ ያበራል።

ለማየት ጎንበስ ስትል አንድ እጅ ክንዷን ጨምድዶ ወደ ኋላ ጎተታት።

«ተመለሽ፣ እታለም! ትወድቂያለሽ!»

ታናሽ ወንድሟ ፈንታሁን ነበር፤ የመንደሩ ጭቃ ሹም። ጣቶቹ ያረፉበት ቦታ ሰንበር አወጣ። ሞላ ኩታውን ጥሎ ሊወርድ ሲል እሱንም ገፈተረው።

«ማንም አይወርድም! ዱካ ይጠፋል። በገመድና በመንጠቆ ይውጣ።»

የዳኛ ልጅ ነውና ሰው ሰማው።

ጌጡን ጎትተው አወጡት። ግንባሩ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ። አፉና አፍንጫው ገብስ ሞልቶበታል። ክንድ የሚያህለው የብረት ባትሪው በጠፍር ከእጁ አንጓ ጋር እንደታሰረ ነው፤ እንደበራም ነው።

«ኧረ አጥፉለት» አለች አንዲት ሴት። የሚነካው ጠፋ። አሰለፈች ጠፍሩን ፈትታ ባትሪውን ወሰደችው፤ ግን አላጠፋችውም። ካቡ ላይ አስቀምጣ ታየው ጀመር። ሬሳው ቤቱ ሲደርስ ብርሃኑ ፍም መሰለ። ገንዘው ሳይጨርሱ ጠፋ።

ከቀትር በኋላ ቀኛዝማች ማሩ አምስት ሰው አስከትለው ከጉና ወረዱ። የአርበኞቹ አለቃ ናቸው፤ በዚያ ተዳፋት ላይ ከእሳቸው ሌላ መንግሥት የለም። ነገሩን ሰምተው ለመወሰን ብዙ አልፈጀባቸውም። ቅዳሜ ማታ ጠላ ቤት ጌጡ ባትሪውን ሞላ ፊት ላይ አብርቶ «ይሄ ሰውዬ መንጋጋም የለው!» እያለ አስቆበታል። ሞላም ብድግ ብሎ «ይህን ብረትህን አናትህ ላይ ነው የምሰብረው» ሲል ዝቷል። ጌጡ ከዚያ ወጥቶ ቤቱ አላደረም። ሞላ ብቻውን ነው የሚኖር፤ የት እንዳደረ የሚመሰክርለት የለም።

«ማክሰኞ ቀትር ላይ አውጫጭኝ ይቀመጥ» አሉ ቀኛዝማች። «አገሩ በሙሉ አንድ ቦታ ይዘጋበት፤ ገዳዩ ሳይታወቅ ማንም ንቅንቅ አይልም። ዳኛ ዘውዱ ይፈርዳሉ። ሌላ ሰው ካልተገኘ ሞላ ይረሸናል።»

«ቀኑ አነሰ፣ ቀኛዝማች» አለች አሰለፈች።

«በዛ እንጂ መች አነሰ። ወሬው ደብረ ታቦር ከደረሰ ጦሩ መጥቶ እህላችሁንም ይጭናል፣ ቤታችሁንም ያቃጥላል። ወሬ አድራሽ ደግሞ አታጡም። በሚያዝያ አራት አርበኛ ልጆቼን ከዋሻቸው አስይዞ ገበያ መኻል ያሰቀለ ሰው ከመካከላችሁ አለ። ማን እንደሆነ አላውቅም። ጣሊያን ለጠቋሚ ዱቄት እንደሚሰጥ ብቻ ነው የማውቀው።»

ዳኛ ዘውዱ የአሰለፈች አባት ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ሬሳ የምታየው፣ ድንበር የምትረግጠው፣ የምስክር ፊት የምታጠናው እሷ ነች፤ እሳቸው የሚፈርዱት እሷ ባየችው ነው። ሰው ትዕግሥት የላትም ብሎ ያማታል። እውነት ነው፤ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅ አትወድም።

«ሄደሽ እይልኝ፣ ልጄ» አሏት። «እስከ ዛሬ ያለ ጥፋቱ በቃሌ የሞተ ሰው የለም። በእርጅናዬ አልጀምርም።»

ሞላ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ምሰሶ ጋር ታስሯል።

«ገደልከው?»

«አንቺም እንደነሱ ሆንሽ?»

«መልስልኝ፤ ጊዜ የለህም።»

«አልገደልኩትም። ዝቻለሁ፤ ጠላ ነው ያናገረኝ። ባትሪዋን ግን እመኛት ነበር፣ ምን እዋሻለሁ! ገድዬው ቢሆን ኖሮ ጥያት እሄድ ነበር?»

«እሑድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከኪዳን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን። በወንዶች በር ቆሜ ያላየኝ የለም። ጠዋቱን ለምን ጠየቅሽ? የሞተው ሌሊት ነው እያሉ!»

«እያሉ ነው። ጉድጓዱን ስትደርስ ክፍት ነበር?»

«ዝግ ነበር፤ ገለባም ተነስንሶበታል። ለሰሞኑ ገብስ ላወጣ ስለነበር ከፍቼ ላስተነፍሰው ነው የሄድኩት። ድንጋዩን ስገፋው ብርሃኗ ዓይኔን አጠፋችኝ። ፀሐይ ከታች የወጣች ነው የመሰለኝ።»

«መሰላሉስ?»

«ግድግዳው ሥር ተጋድሞ ነበር። እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ይዞ ወረደ? ክንፍ አላበቀለ!»

አሰለፈች ቀጥታ ወደ በረቱ ሄደች። ክዳኑ ተመልሶ ገጥሟል። መሰላሉን አዙራ አየችው፤ ከታች ሁለተኛው እርከን ላይ የደረቀ ደምና ጥቂት ጠጉር ተጣብቋል። ከዚያ ተንበርክካ ገለባውን በእጇ ገለጠች። በማዕዘኑ በኩል አንድ ጧፍ አገኘች። አንድ ስንዝር ይሆናል፤ የነደደው ጫፉ ብቻ ነው። ወገቡ ላይ ረጅም ነጭ ሲባጎ ታስሮበታል። ሲባጎው ቀጥ ያለ አይደለም፤ በእኩል በእኩል ርቀት ቆልመም ቆልመም ይላል። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈትል ኖራለች፤ የሰው እጅ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይሠራ ታውቃለች። መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

የጌጡ ሚስት እቴነሽ ሰኞ ጠዋት ከለቅሶተኞቹ መኻል ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም፤ ተናዳለች።

«ምን ልንገርሽ? እኔን ሳይሆን እሷን ነበር ያገባ።»

«ኧረ እቴነሽ!» አለቻት ጎረቤቷ።

«ሐሰት ነው? መንገድ ሥራ ሲያሠሩት ለካሚዮን ነጂ አንድ ጋን ማር ሰጥቶ አመጣት። ከዚያ ወዲያ አገሩን ሲያበራ ዋለ። የማንን በቅሎ አፍ ከፍቶ አልቅት ያላወጣ! የማንን ልጅ ጉሮሮ ያላየ! ላም ስትወልድ ጌጡ፣ እሾህ ሲወጋ ጌጡ። እንቁላል መብራቱ ላይ ደግፎ ‹ይሄ ጫጩት አለው፣ ይሄ ባዶ ነው› ይላል፤ ዶሮዋ እንኳ ታፍር ነበር። በእጀታዋ ችካል ይመታባታል። እኔ በርበሬ ሳሰጣ እሱ አጠገቤ የባትሪውን ድንጋይ ያሰጣል፤ ፀሐይ ሲመታው ነፍስ ይዘራል እያለ።»

«ቅዳሜ አስጥቶ ነበር?»

«ቀኑን ሙሉ። ግን ድንጋዮቹ አልቀዋል። ያን ያህል ተሰጥተው እንኳ ከአንድ ቅዳሴ እምብዛም አያልፉም። ከዓረቡ ሱቅ አዲስ እስካመጣ እንቁላል ማየት ቀርቷል ሲል ነበር።»

«አብርቶ ይረሳዋል?»

«ጌጡ? እኔን ገበያ ሊረሳኝ ይችላል። እሷን ሳያጠፋ ዓይኑን አይከድንም።»

«ከሞላ ሌላ ማንን አስቀይሟል?»

«ከሞላስ መች ተጣላ፤ ሁልጊዜም እንዲያው ናቸው። ነገር የገባው ዓርብ ነው። ከእናንተ ግቢ ተመልሶ እህል አልቀምስም አለ። ‹ይቺ ባትሪ ባትኖረኝ ይሻለኝ ነበር› አለኝ። ጌጡ እንዲህ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ምን ሆነህ ብለው ዝም።»

አሰለፈች ነገሩ ትዝ አላት። ዓርብ ዕለት ጌጡን የጠራችው እሷ ነበረች። እባብ ከግቢው ዳር ወዳለው የፈንታሁን ጎጆ ሲገባ አየች፤ ወንድሟ ደብረ ታቦር ሄዷል፤ ስለዚህ ጎተራው ኋላ እንዲያበራላት ጌጡን ለመነችው። ገብቶ ቆየ። ሲወጣ «እባብ የለም» አለና ሄደ። ሌላ ቀን ቢሆን ስለ ባትሪው አውርቶ አይጠግብም ነበር። ዛሬስ ቶሎ ተገላገልኩ ብላ ደስ ብሏት ነበር።

መሪጌታ ተክሌን በቤታቸው ደጅ ብራና ሲፍቁ አገኘቻቸው።

«ጉድጓዱን እንድንቆፍር የመከሩን እርስዎ ነዎት፣ መሪጌታ።»

«እኔ ነኝ። ወሎ ቆላ ቅኔ ስቆጥር ያየሁት ነው። እዚህ ከጎተራ በቀር ማን ምን ያውቃል።»

«ስንከድነው ምን ብለው አስጠነቀቁን?»

«ሲከፈት ሁለት ቀን ይተንፍስ። ከዚያ ጧፍ አብርታችሁ በገመድ አውርዱ። ያለ ጧፍ ማንም እንዳይወርድ።»

«ጧፉ ለምንድን ነው?»

ሽማግሌው ሞኝ ጥያቄ እንደሰማ ሰው አዩዋት። «ታፍኖ የከረመ እህል አየሩን ይመርዘዋል፣ ልጄ። ጧፉ ከጠፋ የወረደውም ሰው ይጠፋል። በቆላው እረኛ ሁሉ የሚያውቀው ነው።»

«ይህን ነግረውናል?»

«ጧፍ አውርዱ አላልኩም?»

«ብለዋል። እኛ ለማየት የሚወርድ ነው የመሰለን። ጌጡ እፊትዎ ቆሞ ‹እኔ ባትሪ እያለኝ ጧፍ ምን ያደርግልኛል› ሲል ሁላችንም ሳቅን። እርስዎም ስቀዋል።»

መሪጌታ የያዙት መፋቂያ ከእጃቸው ወደቀ። «ማንም ምክንያቱን አልጠየቀኝም» አሉ።

«አዎ። እኔም አልጠየቅሁም» አለችና ተነሣች።

ፈንታሁንን ያገኘችው በአባቷ ቤት ምሳ ሲበላ ነው።

«እኔንም ልትመረምሪኝ ነው?» አላት እየሳቀ።

«ጉድጓዱን አራት ቤት ነው የሚያውቀው። አራቱንም እጠይቃለሁ።»

«ጠይቂ፣ ዳኛዬ።»

«እሑድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እንቅልፍ ጣለኝ። ቤተ ክርስቲያን የደረስኩት ወንጌል ሲነበብ ነው፤ ማንንም ብትጠይቂ ይነግርሻል።»

«ከጉድጓዱ አፍ ለምን ጎተትከኝ?»

«ትወድቂ ነበራ! ወንድምሽ አይደለሁም?»

«ነህ» አለች።

በሰፌዱ ላይ ነጭ የስንዴ ዳቦ ነበር። ዱቄቱን ከሐሙሲት ገበያ ገዛሁት እያለ ያመጣል፤ እሷ ታቦካለች፤ ጥርስ የሌላቸው አባቷ እየመረቁት ይበላሉ። ፈንታሁን ከዳቦው ቆርሶ አጎረሳት። ዋጠችው።

ከሰዓት በኋላ የጌጡን ባትሪ ፈትታ አራቱን ድንጋዮች ጣሪያ ላይ ፀሐይ አስመታቻቸው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ወንድሟ ሰው ሊሰበስብ ሲወጣ፣ መልሳ ገጠመቻቸውና ወደ ጎጆው ገባች። ጎተራው ኋላ እጇን ዘርግታ አበራች። ጌጡ ዓርብ ዕለት ያየውን አየች። ቶሎ አጠፋችው፤ ለቀትር ያስፈልጋታል። ከዚያ ጨለማው ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠች። ምን ያህል እንደተቀመጠች አታውቅም። ሞላ አንድ ሰው ነው፤ ፈንታሁን አንድ ሰው ነው። ፈንታሁንን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው። ውጭ የአውጫጭኙ መለከት ሲነፋ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

አገሩ በረቱን ሞላው። አባቷ መኻል ላይ በርጩማ ተደርጎላቸው በትራቸውን ጉልበታቸው መኻል አቁመዋል። ቀኛዝማች ማሩ ከቀኛቸው፣ ሞላ እጁ የፊጥኝ ታስሮ ከፊታቸው። እቴነሽ፣ መሪጌታና ፈንታሁን ከጉድጓዱ ዙሪያ ቆመዋል። ወፍራሙን የበረት በር ከውስጥ ሁለት ጠብመንጃ ያዥ ይጠብቀዋል።

«ያየሽውን ተናገሪ» አሉ ዳኛ ዘውዱ።

«ጌጡን በዱላም በብረትም የመታው የለም» አለች አሰለፈች። «ግንባሩ የቆሰለው ከመሰላሉ ጋር ተጋጭቶ ነው፤ ደሙ እርከኑ ላይ አለ፤ እዩት። አፍንጫው ውስጥ ገብስ ነበር። ሞቶ የተጣለ ሰው ገብስ አይስብም። በሕይወት እያለ፣ በራሱ እግር ሲወርድ ወደቀ።»

«ታዲያ መሰላሉን ማን አወጣው?» አሉ ቀኛዝማች።

«እደርስበታለሁ። መጀመሪያ መቼ እንደሞተ። ሌሊት ነው ብላችሁ ሞላን አሰራችሁ። የባትሪው ድንጋይ አልቆ ነበር፤ እቴነሽ ትናገር።»

«ከአንድ ቅዳሴ እምብዛም አያልፍም» አለች እቴነሽ።

«ሞላ ክዳኑን ሲከፍት ብርሃኑ ዓይን ያጠፋ ነበር። እኔ ስደርስም ገና ቢጫ ነበር። እናንተ ስትገንዙት ጠፋ። ሌሊት የበራ ቢሆን ኖሮ ሲነጋ ጭላንጭል አይኖረውም። ጌጡ የወረደው እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሲገባ ነው። በዚያ ሰዓት ሞላ በወንዶች በር ቆሞ ነበር። ያላየው ሰው እጁን ያውጣ።»

እጁን ያወጣ የለም።

«እሺ፤ ምን ገደለው?» አሉ ዳኛ ዘውዱ።

አሰለፈች ክዳኑን አስገፋች። ጧፍ ለኮሰች፤ በፈትል አስራ አወረደችው። ሰው አንገቱን አሰገገ። ጧፉ የጉድጓዱን አፍ አልፎ አንድ ክንድ ያህል ሲወርድ ነበልባሉ አጠረ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ጭስ ብቻ ቀረ።

«ጠፋ?» አሉ አባቷ።

«ጠፋ፣ አባባ።»

ደግማ ለኮሰች፤ ደግሞ ጠፋ። አሁን ባትሪውን አብርታ በጠፍሩ ላይ ገመድ ቀጥላ ለቀቀችው። እስከ ገብሱ ድረስ ወርዶ እዚያው ማብራቱን ቀጠለ።

«እሱስ?»

«ይበራል።»

ከኋላ አንዲት አሮጊት «በስመ አብ!» አሉ።

«ጧፉ መብራት አልነበረም» አለች አሰለፈች። «ምስክር ነበር። አየሩ ሰው ያኖር እንደሆነ የሚናገር ምስክር። እኛ መብራት መሰለን። ጌጡም ከጧፍ የተሻለ መብራት አለኝ ብሎ ወረደ። ባትሪው ሁሉን ያሳየዋል፤ አየሩን ግን አያሳየውም።»

«እንግዲያው እግዜር ነው የገደለው» አለ አንድ ሰው።

«እግዜር መሰላል አያወጣም። ክዳን አይገጥምም፣ ገለባም አይነሰንስም። አንድ ሰው አብሮት ነበር። ያ ሰው አገሩ ሁሉ የሚመኘውን ባትሪ ጠፍሩን ቆርጦ አልወሰደም። መብራቱን እንኳ አላጠፋም። ለምን? ወርዶ መውሰድ አልቻለማ! ከወረደ እንደሚሞት ያውቃል። ከእኛ መኻል ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ ምክንያቱን የሚያውቁት መሪጌታ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ነበሩ። ያኛው ሰው ግን ከጌጡ በፊት ጧፍ አውርዶ ሲጠፋ አይቷል።»

ከመቀነቷ ጧፉን አወጣች። ፈንታሁን እግሩን ቀየረ።

«ገለባው ውስጥ ያገኘሁት ነው። ጫፉ ብቻ ነው የነደደው። አባባ፣ የታሰረበትን ሲባጎ ይዳስሱልኝ።»

ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ሲባጎውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

«ቆልመም ቆልመም ይላል» አሉ።

«ርቀቱ እኩል ነው?»

«እኩል ነው። እንዲህ ያለ ፈትል…»

«የጆንያ ሲባጎ ነው። በመኪና የተሰፋ የዱቄት ጆንያ አፍ ሲተረተር እንዲህ ሆኖ ይወጣል። አሁን የበትርዎን እጀታ ይዳስሱ።»

ዳኛ ዘውዱ በትራቸውን የሚይዙበት ቦታ ላይ እጃቸው እንዳያዳልጣቸው ነጭ ሲባጎ ተጠምጥሟል። ለመዳሰስ አልቸኮሉም። ያ እጅ ለወራት ሲይዘው ኖሯል፤ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ግን ዳኛ ናቸውና ዳሰሱ። አንድ ጊዜ ዞሩበት፤ ደገሙት።

«ይህን የጠመጠመልኝ ፈንታሁን ነው» አሉ።

«አዎ፣ አባባ። ጆንያዎቹ በጎጆው ውስጥ ጎተራው ኋላ ናቸው፤ ሦስት ናቸው፤ የጣሊያን ጦር ሰፈር ማኅተም አለባቸው። ዓርብ ዕለት ጌጡ በባትሪው አያቸው። እንዲያይ የላክሁት እኔ ነኝ። ከጉድጓዱ አፍም እንዳልጎነበስ ጨምድዶ የጎተተኝ ወንድሜ ነው፤ ሞላንም አላወርድ ያለው እሱ ነው። ያን ጊዜ ከመሪጌታ ሌላ ጉድጓዱ እንደሚገድል የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ቀኛዝማች ማሩ ተነሡ። ፈንታሁን እጁን ከፍ አደረገ፤ ለመከላከል አይደለም።

«እነግራችኋለሁ» አለ። «ጌጡ ቅዳሜ መጥቶ እስከ ማክሰኞ ለቀኛዝማች ካልነገርክ እኔ እነግራለሁ አለኝ። ንስሐ እገባለሁ፣ የገብስ ድርሻዬን ለተሰቀሉት ልጆች እናቶች እሰጣለሁ አልኩት። የእውነቴን ነበር። እሑድ ቅዳሴ ሊገባ ሲል ከፍቼ ጧፍ አወረድኩ። ጠፋ። ደገምኩ፤ ጠፋ። ያን ጊዜ ገባኝ። ጌጡ ከጠላ ቤት ወጥቶ እዚያው በረቱ ማዕዘን ተኝቶ አድሮ ነበር። ተነሥቶ ‹አንተና ጧፍህ! ቆይ እኔ ልስፈርልህ› አለኝ። እየሳቀ ነው የወረደው። አትውረድ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበር።»

«አላልክም» አለች እቴነሽ።

«አላልኩም።»

«ልጆቹንስ?» አሉ ቀኛዝማች።

«ይታሰራሉ ነው ያሉኝ። ይሰቀላሉ አላሉኝም። አባባ ደግሞ የገብስ ቂጣ ማኘክ አቅቷቸው…» ራሱንም አላሳመነውም።

ዳኛ ዘውዱ ሲባጎውን ከበትራቸው ይፈቱ ጀመር። ቋጠሮው አስቸገራቸው፤ ማንም አላገዛቸውም።

«አሰለፈች፣ ዳቦውን ስንት ወር በላሁት?»

«ከሚያዝያ ጀምሮ፣ አባባ።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሞላን ፍቱት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን አጥርተው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ሲፈርዱ እንደኖሩት፣ «ጥፋተኛው ፈንታሁን ዘውዱ ነው። ቅጣቱን ዳኛ በልጁ ላይ አይቆርጥም፤ ቀኛዝማች ይቁረጡ» አሉ።

«የተቆረጠ ነው» አሉ ቀኛዝማች።

ሞላ የተፈታ እጁን እያሻሸ አሰለፈች አጠገብ ደረሰ። የምስጋና ቃል ጠብቃ ከሆነ አላገኘችም። «ሰኞውኑ ደርሰሽበት ነበር አይደል?» አላት። «አንድ ሌሊት ጨምረሽ አሳደርሽኝ።» እቴነሽ ገመዱን ስባ ባትሪውን ከጉድጓዱ አወጣችና አጠፋችው። «ድንጋዩ ያልቃል» አለች፤ ከልማድ። ከዚያ እንደ ሕፃን አቅፋው ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ፈንታሁንን ሁለቱ ጠብመንጃ ያዦች ክንዱን ይዘውታል።

«እታለም።»

ቆመች።

«ባልጎትትሽ ኖሮ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። እኔም ወርጄ እሞት ነበር።»

«እንኳን ጎተትኩሽ» አለ።

ክንዷ ላይ ያለው ሰንበር ገና አልጠፋም። አባቷ የተፈታውን ሲባጎ ወደ ድምፅዋ አቅጣጫ ዘርግተው የሚቀበላቸው ሰው ይጠብቃሉ፤ አልተቀበለቻቸውም። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ከበረቱ ወጣች፤ ከብት እንዳይገፋው ተብሎ የተሠራውን ወፍራም በር በሁለት እጇ ስባ ከኋላዋ ዘጋችው።